ወንድሜ ባሕሩን ይዞ ክፍል የገባ ዕለት

ዓሣ ነባሪና ሽሪምፕ ቢጣሉ የሚያሸንፈው ሽሪምፕ ነው። የወሰኑት ተማሪዎቼ ናቸው፤ እጅ ወጥቶ፣ ተቆጥሮ፣ አሥራ ስምንት ለአራት። ምክንያታቸውም እንዲህ በቀላሉ የሚጣል አልነበረም። ሽሪምፕ ብዙ እግር አለው፣ ዓሣ ነባሪ ግን አንድ እንኳን የለውም። እግር የሌለው ደግሞ መራገጥ አይችልም።

ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፣ የግድግዳው ሥዕል ነው። መዋዕለ ሕፃናቱ የሰጠኝ የባሕር እንስሳት ሥዕል አሥራ ሁለት እኩል ሳጥኖች አሉት፤ በየሳጥኑ አንድ እንስሳ፣ ከሥሩ ስሙ። የሣለው ሰው ቦታ እንዳይባክን ብሎ ነው መሰል፣ ሁሉንም ሳጥኑ እስኪሞላ ድረስ ለጥጦታል። ስለዚህ ዓሣ ነባሪው፣ ሽሪምፑ፣ ሻርኩና የባሕር ፈረሱ ከአንድ ሆድ የወጡ መንትዮች ይመስላሉ። እኔም መምህር ተብዬ «ዓሣ ነባሪ እኮ ከዚህ ክፍል ይበልጣል» ስል ሃያ ሁለት ጥንድ ዓይን በአዘኔታ ተመለከተኝ።

«ቲቸር፣ አይተሽዋል?» አለችኝ ዳኛዋ።

ዳኛዋ የአምስት ዓመት ልጅ ናት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፣ በሆዴ። ወንበሩን ማን ቀድሞ ያዘ፣ እርሳሱ የማን ነው፣ ማን ማንን ገፋ፣ ሁሉም እሷ ዘንድ ቀርቦ ይፈረዳል፤ ይግባኝ የሚባል ነገር የለም።

«አላየሁም» አልኳት።

«ባሕርስ?»

«ባሕርም አላየሁም።»

«ታዲያ በምን አወቅሽ?»

ከተማችን ከባሕሩ የአንድ ቀን ሙሉ የመኪና መንገድ ትርቃለች። መጽሐፍ አንብቤ ነው ብላት እነሱም ግድግዳ አይተው ነው፤ በምን እበልጣቸዋለሁ? የሳምንቱ ርዕስ «የባሕር እንስሳት» ነው፣ ቀኑ ገና ማክሰኞ ነው፣ እኔ ደግሞ ከወዲሁ ተረትቻለሁ። ባሕሩን የሚያውቅ ሰው ማምጣት ነበረብኝ። ሰውየው ሩቅ አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ፣ ዓሣ ሻጭ ነው።

ችግሩ፣ ጋሼን ክፍል ውስጥ ከማስገባት ዓሣን ዛፍ ላይ ማውጣት ይቀላል።

ጋሼ ማንበብ አይችልም። ይህን የምናውቀው ሚስቱና እኔ ብቻ ነን። ትምህርት ቤት ገብቶ አንድ ወር ሳይሞላው አባታችን ታመመ፤ እሱም በስምንት ዓመቱ በረዶ ተሸካሚ ሆኖ ዓሣ ገበያ ገባ። እኔ ያኔ ጡት እጠባ ነበር። ከመጀመሪያው ደብተር እስከ መጨረሻው የኮሌጅ ክፍያ ያስተማረኝ እሱ ነው። የተመረቅሁ ዕለት እንኳን አዳራሹ ውስጥ አልገባም። «ወረቀት ያድላሉ፤ ከዚያ አንዱ 'እስቲ የእህትህን ስም አሳየኝ' ይለኛል» ብሎ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ምሳ ሲያመጣልኝም እስከ አጥሩ ነው። አጥሩን አልፎ አያውቅም።

ሞኝ እንዳይመስላችሁ። ቁጥር ያውቃል፣ ሚዛን ያነባል፣ የሃምሳ ደንበኛ ትእዛዝ በጭንቅላቱ ይይዛል። የዓሣ ሳጥኖቹን በታሸጉበት ፕላስተር ቀለም ይለያል። ወረቀት ከሰጡት «መነጽሬን ረስቼ» ይላል። መነጽር ኖሮት አያውቅም። ላስተምርህ ብዬ ያልለመንኩበት ዓመት የለም። አንድ ጊዜ ደብተር ገዝቼ ሰጠሁት፤ በሳምንቱ ጎረቤቴ ከሱ ዘንድ ዓሣ ገዝታ ስትመጣ የተጠቀለለው በኔ ደብተር ቅጠል ነበር። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ገበያ ወረድኩ። ጋሼ በላስቲክ ቦቲውና በረጅሙ ሽርጡ ቆሞ ጠረጴዛውን በጎማ ቱቦ ያጥባል። ውኃው እግሬ ሥር ሳይደርስ ጮኼ ነገርኩት።

«ጋሼ፣ ሐሙስ ጠዋት ክፍሌ ትመጣልኛለህ?»

«ምን ተበላሸ?»

«ምንም አልተበላሸም። ለልጆቹ ስለ ባሕር እንድትነግራቸው ነው።»

ቱቦውን ዘጋው። «እኔ ባሕር ነኝ እንዴ?»

«ባሕሩን አይተኸዋል።»

«ሁለት ጊዜ። አንዱን ጊዜ ጉም ነበር።»

«የሚወጣውን ግን በየቀኑ ታየዋለህ። ማን እንዳንተ ያውቃል?»

ግራና ቀኝ አየ። ቀጥሎ ያለው ሻጭ በረዶ እየፈጨ ነው፣ አይሰማም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስንት ዓመታቸው ነው?» አለኝ።

«አምስት።»

«የአምስት ዓመት ልጅ አደገኛ ነው። ትልቅ ሰው ቢገባውም አፍሮ ዝም ይላል። ልጅ ዝም አይልም። 'ይሄ ምን ይላል?' ብሎ አንዱ ጽሑፍ ቢያሳየኝስ? እንጃ ብል ማታውን ሃያ ሁለት ቤት ይገባል። በማግስቱ ገበያው ያውቀዋል። ሠላሳ ዓመት የደበቅሁትን፣ ቲቸር፣ ባንቺ ሐሙስ ላፍርበት?»

«ቲቸር» የሚለኝ ሲያሾፍብኝ ነው። ያን ዕለት ግን አላሾፈም። ዓይኑ ውስጥ ፍርሃት አየሁ። ጋሼን ፈርቶ ያየሁት አባታችን የሞተ ዕለትና ያን ዕለት ብቻ ነው።

«የሚነበብ ነገር አይኖርም» አልኩት። «ሥዕሉን ከግድግዳው አወርዳለሁ። ሰሌዳውን አጠፋለሁ። አንድ ፊደል አታይም። እምልልሃለሁ።»

«በማን ሞት?»

«ባንተ ሞት።»

«በኔማ ይቀልልሻል። በራስሽ ማይ።»

ማልኩ። አሁንም አላመነም። ቱቦውን መልሶ ከፈተና፣ ለወጉ ያህል፣ «ለመሆኑ ምን ምን አስተማርሻቸው?» አለኝ። እኔም ለወጉ ያህል ሽሪምፕ ዓሣ ነባሪን ያሸንፋል ብለው መወሰናቸውን ነገርኩት።

ቱቦው ከእጁ ወደቀ።

«ሽሪምፕ?»

«በድምፅ ብልጫ።»

«ይሄ ሽሪምፕ?» ከበረዶው ላይ አንዱን አንሥቶ ፊቴ ላይ አንጠለጠለው። «ይሄ? እህት ዓለም፣ አንቺ እዚያ ደመወዝ የምትበይው ምን እያደረግሽ ነው? ይሄማ ዝም አይባልም። ስንት ሰዓት ነው?»

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሳጥን በረዶና አንድ ባልዲ ይዞ መጣ። ከሽርጡ ሥር የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል፤ ፀጉሩን ተቆርጧል። አጥሩን ሲያልፍ ምንም አልሆነም፤ የክፍሉ ደፍ ላይ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ። ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ነው የሚገቡት፤ እሱም ቦቲውን ማውለቅ ነበረበት። ጎንበስ ብሎ እየጎተተ በሹክሹክታ «ሥዕሉን አወረድሽው?» አለኝ።

«አውርጃለሁ። የኮት መስቀያውንም ስማቸው ተጽፎበታል ብዬ በጨርቅ ሸፍኜዋለሁ። ግባ።»

ገባ። ካልሲው አዲስ ነበር፣ ዋጋው እንኳን ከሥሩ አልተላጠም። ሃያ ሁለቱም በአንድ ድምፅ «እንደምን አደሩ ጋሼ!» ሲሉት ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸ።

ትንንሾቹን ጠረጴዛዎች ገጥሜ ላስቲክ አንጥፌበታለሁ። ጋሼ ሳጥኖቹን ሲከፍት እጁ ሥራ አገኘ፣ ፊቱም ተመለሰ። በረዶውን በመዳፉ ደልድሎ ዓሣዎቹን አንድ በአንድ ደረደረ፣ ጭንቅላታቸው ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሆዳቸው ወደ ገዢው፤ ማለቴ ወደ ልጆቹ። ከዚያ አንድ ሽሪምፕ አንሥቶ የድብልብሉ መዳፍ ላይ አኖረው። ድብልብሉ ከፊት ለመቀመጥ ሲል የሚተኛበት ሌሊት የለም፤ ጉንጩና ሆዱ ስሙን አውጥተውለታል።

«አሸናፊያችሁ ይሄ ነው» አለ ጋሼ።

ሽሪምፑ ከድብልብሉ ትንሿ ጣት ብዙም አይረዝምም።

«ዓሣ ነባሪውስ?» አለች ዳኛዋ።

«እሱ ጠረጴዛዬ ላይ መጥቶ አያውቅም። ቢመጣ ጠረጴዛውም፣ ሱቁም፣ ገበያውም አይችለውም። ከዚህ ክፍል ይበልጣል።»

«እህ» አለች ዳኛዋ፣ ራሷን ነቅንቃ። ሌሎቹም ነቀነቁ። እኔ ይህንኑ ለሁለት ቀን ስለፈልፍ ከርሜ አንድ ሰው አላመነኝም። ሽርጥ ልልበስ እንዴ ከንግዲህ?

ጋሼ ከዚያ በኋላ አልቆመም። ጠፍጣፋውን ዓሣ ገልብጦ ሁለቱም ዓይኖቹ በአንድ ወገን መሆናቸውን አሳየ። «ይሄ ሲፈለፈል እንደማንኛውም ዓሣ አንድ ዓይን በግራ፣ አንድ ዓይን በቀኝ ነበረው። በኋላ አሸዋ ላይ በጎኑ መተኛት ጀመረ። የታችኛው ዓይን 'እኔ ዕድሜ ልኬን አሸዋ ሳይ ልኑር እንዴ?' ብሎ ትንሽ በትንሽ ወደ ላይ ተሰደደ።» ኦክቶፐሱን ዘረጋና ክንዶቹን አስቆጠራቸው፤ ስምንት። በክንዶቹ ላይ የተደረደሩትን መምጠጫዎች እያንዳንዱ ልጅ በጣቱ ጫነ፤ ግማሹ «እሰይ» አለ፣ ግማሹ «ወይኔ»። ልቡ ሦስት ነው ሲላቸው «አንዱን ይስጠኝ» ያለ አለ። ዓሣ ሲተኛ ዓይኑን አይጨፍንም፣ ቆብ የለውማ አላቸው፤ ያን ጊዜ ሁሉም ዓይናቸውን አፍጥጠው ለመተኛት ሞከሩ፣ አንዱ እውነት ሊተኛ ምንም አልቀረውም። ከባልዲው ሸርጣኑን አወጣ፣ ጥፍሮቹ በላስቲክ የታሰሩ፣ ነፍስ ያለው። ወለሉ ላይ ሲለቀው በጎኑ እየሄደ ወደ መጫወቻ ሳጥኑ ተጓዘ፤ ሃያ ሁለት ልጅም በጎኑ እየሄደ ተከተለው። የተጋጨ ብዙ ነው፣ ያለቀሰ የለም።

ከዚያ ስለ ትኩስ ዓሣ አስተማረ። ዓይኑ ጎላ ያለ፣ ስንጥቡ ቀይ የሆነ ትኩስ ነው አለ፤ የጉንጩን ክዳን ገልጦ ዓሣው የሚተነፍስበትን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ ቀይ ነገር አሳያቸው። «ውኃው በአፉ ይገባል፣ በዚህ ይወጣል፤ አየሩን እዚህ ላይ ይለቅማል። መበላሸት ሲጀምርም ቶሎ የምታውቁት እዚሁ ጭንቅላቱ ላይ ነው። ዓሣ ግማቱ ካናቱ ይባላል።» ይህን ሲል ዳይሬክተራችን በር ላይ ደረሰች። እኔ ወለሉን ማየት ጀመርኩ።

ዳይሬክተሯ ፈገግ ብላ ጥግ ይዛ ቆመች። መልካም ሴት ናት፣ አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቃኛለች፤ ክፍል ውስጥ ቢላዋ አይገባም። እኔም ለጋሼ ነግሬዋለሁ፣ እሱም ትልቁን ቢላዋ ገበያ ትቶ መጥቷል። ትንሹ ግን የሽርጡ ኪስ ውስጥ ነው የሚኖረው። ጋሼ ያን ቢላዋ እንደ ጣቱ ነው የሚያስበው፤ ጣትህን ትተህ ና ያለው ደግሞ የለም።

«አሁን ደግሞ የትኛውን?» አለ ጋሼ፣ እጁን እያሻሸ።

ድብልብሉ ትልቁን ቀይ ዓሣ በጣቱ ወጋ። «ይሄኛውን!»

«ጭንቅላቱን ልተወው ላንሣው?»

ድብልብሉ ምን እንደተጠየቀ አልገባውም፣ ግን ሲጠየቅ መመለስ ይወዳል። «ይነሣ!»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በቀን መቶ ጊዜ «ይሄኛውን» የተባለ እጅ ባለቤቱን አያማክርም። ቢላዋው ወጣ፤ ሆዱ ከላይ እስከ ታች ተከፈተ፤ የሆድ ዕቃው በአንድ ጉተታ ጎኑ ላይ ተቀመጠ፤ ጭንቅላቱ ተለየ። ጋሼ በግራ እጁ መጠቅለያ ወረቀት እየፈለገ ቀና ሲል አርባ አራት ዓይን አፈጠጠበት።

«ኧረ ጉድ!» አለ ጋሼ። «ገበያ መሰለኝ።»

ዳይሬክተሯ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች። እኔ ከነገ ወዲያ የት ሥራ እንደምፈልግ አሰብኩ። ከኋላ አንዱ ከንፈሩን መጣል ጀመረ፤ የሱ ካመለጠ ሁሉም እንደሚከተሉት አውቃለሁ፣ ለቅሶ በኛ ክፍል ከጉንፋን ይፈጥናል።

«ሞተ?» አለ ድብልብሉ፣ በቀጭን ድምፅ።

«የሞተውማ ትናንትና ነው፣ ጌታዬ። አንተ የለህበትም።»

ዳኛዋ በክርኗ መንገድ ከፍታ ጠረጴዛው ጋ ደረሰች። የተከፈተውን ሆድ አየች። ጎንበስ ብላ እንደገና አየች። «ያ ነጩ ምንድን ነው?»

ለዚያች ልጅ እስከ ዛሬ ባለ ዕዳ ነኝ።

«ይሄ ፊኛው ነው» አለ ጋሼ፣ ቀስ ብሎ ነጩን ከረጢት በጣቱ እያነሣ። «ውስጡ አየር አለ። አየር ሲጨምር ወደ ላይ ከፍ ይላል፣ ሲቀንስ ወደ ታች ይወርዳል።»

«ዓሣ ሆዱ ውስጥ ፊኛ አለው?!» የሚለው ጩኸት መስኮቱን አንቀጠቀጠው። ከንፈር መጣል ተረሳ። ከጨጓራው ትንሽ ዓሣ ሲወጣ ጭብጨባ ሆነ፤ ከትንሹ ዓሣ ጨጓራ ደግሞ ግማሽ ሽሪምፕ ሲወጣ፣ የማክሰኞው ውሳኔ ያለ ምንም ክርክር ተሻረ። ከጭንቅላቱ ሁለት ነጫጭ ጠጠሮች አውጥቶ «የጆሮው ድንጋይ ነው፣ ዓሣው ሚዛኑን የሚጠብቅበት» ሲል ዳይሬክተሯ ራሷ ከጥጉ ወጥታ «እስቲ ልየው» አለች። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይላሉ፤ ጋሼ ምን ቢያወጣ እንደማይገርመኝ ያኔ ገባኝ። ፊቱ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፣ ይስቃል፣ ልጆቹን «ቆይ ቆይ፣ በተራ» ይላቸዋል። ወንድሜ ክፍል ውስጥ መሆኑን ረስቶታል። ደስታዬን የት ላድርገው?

እጃችንን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠብን። ጋሼም ታጥቦ፣ ደክሞት፣ ምንጣፉ ላይ በልጆቹ መሐል ዘፍ አለ።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናዘዝ። ሥዕሉን አውርጃለሁ፣ ሰሌዳውን አጥፍቻለሁ፣ የኮት መስቀያ ሸፍኛለሁ። የረሳሁት አንድ ነገር ነው፤ እሱንም ሕግ አድርጌ ያወጣሁት እኔው ነኝ። በክፍላችን ምንጣፉ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ሳያነብ አይሄድም። ነርሷ አንብባለች። የእሳት አደጋው ሰውዬ አንብቧል። ቧንቧ ሊጠግን የመጣው እንኳን መፍቻውን አስቀምጦ ሁለት ገጽ አንብቧል። ልጆቹ ማንም ሳያዛቸው ነው የሚያደርጉት። እኔ ስለ ቢላዋና ስለ በረዶ ስጨነቅ ሕጌ ከራሴ ጠፍቶ ነበር። የፈሩት ይደርሳል።

ዳኛዋ ከመደርደሪያው የባሕሩን መጽሐፍ አምጥታ ጋሼ ጭን ላይ አኖረችው። «ያንብቡልን» አለችው።

ሃያ ሁለቱም እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። እንዲህ ጸጥ የሚሉት ለዚህ ብቻ ነው። ጋሼ ቀና ብሎ አየኝ። አልከሰሰኝም፣ አልተቆጣኝም፤ በስምንት ዓመቱ በረዶ ሊሸከም ሲሄድ እንደዚህ ሳያይ አልቀረም።

መጽሐፉን ገለጠው። ሥዕሉን አየ፤ አንድ ትንሽ ዓሣና አንዲት የባሕር ኤሊ። ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድ ትንሽ ዓሣ ነበረ» ብሎ ጀመረ። «ይሄ ዓሣ በጣም... ትኩስ ነበር።»

«እንደሱ አይደለም የሚለው» አለች ዳኛዋ።

ያን መጽሐፍ ሃያ ጊዜ ያህል አንብቤላቸዋለሁ። በቃላቸው ያውቁታል።

«'ትንሹ ዓሣ መንገድ ጠፋበት' ነው የሚለው» አለ ድብልብሉ።

«እሱን ያንብቡት፣ የተጻፈውን» አለች ዳኛዋ።

ተነሣሁ። «ልጆች፣ ጋሼ መነጽሩን...» ማለት ስጀምር ጋሼ እጁን አነሣ፤ ተቀመጪ ማለቱ ነው። መጽሐፉን አየ፣ ልጆቹን አየ፣ ጥግ የቆመችውን ዳይሬክተር አየ። መጽሐፉን ቀስ ብሎ ዘጋው።

«ማንበብ አልችልም» አለ።

መጽሐፉን ለዳኛዋ መልሶ ሰጣት።

«አልተማርኩም። ከናንተ ትንሽ ከፍ ስል ሥራ ገባሁ። ከዚያ በኋላ አፈርኩ።» ጆሮው ቀልቷል፣ ድምፁ ግን አልተንቀጠቀጠም። «እናንተ መጀመሪያ የነገርኳችሁ ሰዎች ናችሁ።»

ድብልብሉ ጋሼን ከላይ እስከ ታች አየው።

«እኛም እኮ አንችልም» አለ።

«እኔም አልችልም!» አለች ከኋላ አንዷ።

«እኔም!»

«እኔ ጭራሽ አልችልም!»

«የኔ ታናሽ ወንድም መራመድም አይችልም!»

ውድድር ሆነ። ማን ይበልጥ እንደማይችል ጣሪያው እስኪነቃነቅ ተጯጯሁ። ጋሼ መሐል ላይ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሠላሳ ዓመት የሸሸው ሳቅ አልመጣም፤ የመጣው ይሄ ነው። ዳኛዋ እጇን አንሥታ ሁሉንም ዝም አሰኘች፣ ነገሩ ውሳኔ ይፈልጋልና። ትናንትና «እርስዎ በሉ» ብዬ ሳስጠና የዋልኩት ሁሉ በዚያች ቅጽበት ቀረ፤ ለክፍል ጓደኛዋ እንደምትናገረው ነው የተናገረችው።

«ፊደል ስንት ታውቃለህ?»

«አንድም።»

«እኛ ሦስት ተምረናል። ሀ፣ ለ፣ ሐ።» ጣቶቿን ቆጠረች፣ ግንባሯን ቋጠረች፣ አሰበች። «ብዙ አላመለጠህም። ሦስት ብቻ ነው። ሰኞ 'መ' ነው። ከኔ ጎን ቦታ አለ።»

ከዚያ በኋላ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል። ስንት ዓመት ስለምነው፣ ስቆጣው፣ ደብተር ስገዛለት፣ ያመለጠው ሦስት ብቻ እንደሆነ ልነግረው እኔ መምህሯ አንድ ቀን አላሰብኩም።

ከኋላዬ የጋሼ ድምፅ መጣ። እኔን ሳይሆን እሷን ነበር የጠየቀው።

«ስንት ሰዓት ነው የምትገቡት?»

«ሁለት ሰዓት። ካረፈድክ በሩ ይዘጋል።»

ሰኞ የዓሣ መኪና የማይመጣበት ቀን ነው፣ ገበያው ባዶ ይውላል። ለሁለት ሰዓት አምስት ጉዳይ ላይ ጋሼ ቦቲውን ደፉ ላይ አውልቆ ገባ፤ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቷል። ዳይሬክተሯ በኮሪደሩ ስታልፍ አይታው «ደህና አደሩ» ብላ ብቻ አለፈች። ሰኞ ሰኞ ጥፍር የሚታይበት ቀን ነው። ዳኛዋ በሰልፉ ተራ ደርሳ እጆቹን ገለበጠች፣ ከአውራ ጣቱ ጥፍር ሥር የቀረ የዓሣ ቅርፊት አገኘች፣ «ሌላ ጊዜ አጽድተህ ና» ብላ አስጠንቅቃ አሳለፈችው። ከሷ ጎን ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ ከጆሮዋ ይበልጥ ከፍ ይላል።

ሰሌዳው ላይ «መ»ን በትልቁ ጻፍኩ። ወደነሱ ዞሬ «መ» ብዬ አነበብኩ።

«ማን ይደግምልኛል?» አልኩ።

ሃያ ሁለት ልጅ አፉን ሳይከፍት፣ ከሁሉም ቀድሞ፣ ከሁሉም ጮኾ የደገመው ወንድሜ ነበር።